ባሪየም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በወሎ ተማሪው፣ ታካሚው፣ ድንጋይ ቆፋሪውና ጡብ ሠሪው ስለ ባሪየም በየፊናቸው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተው ጠጠር ወዳለው ይሄዳሉ።

ባሪየም ምንድን ነው?

ባሪየም ንጥረ ነገር ነው፤ አቶማዊ ቁጥሩ 56፣ አቶማዊ ክብደቱ 137.33። በፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ሁለተኛው ቋሚ ረድፍ ላይ ከካልሲየምና ከስትሮንቲየም በታች፣ ከራዲየም በላይ ተቀምጧል። ንጹሑ ባሪየም ብርማ ነጭ፣ በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ሲሆን በ727 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል።

አየር ሲነካው ወዲያው ይደበዝዛል፤ ውኃ ሲነካው ሃይድሮጂን እያንፈቀፈቀ ያልቃል። ስለዚህ በተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም፤ ቤተ ሙከራ ውስጥም በማዕድን ዘይት ተነክሮ ወይም በአርጎን ጋዝ ታሽጎ ነው የሚቀመጠው። ሰው «ባሪየም» ሲል ግን ብዙውን ጊዜ ብረቱን ማለቱ አይደለም፤ ከውሁዶቹ አንዱን ማለቱ ነው። የትኛውን ውሁድ? ይህን ሳይጠይቁ ማለፍ ነፍስ ያስከፍላል፤ ምክንያቱ ከታች አለ።

ስሙ ምን ማለት ነው?

«ባሩስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ከባድ ማለት ነው። የሚገርመው ብረቱ ራሱ ከባድ የሚባል አይደለም፤ ከውኃ 3.6 እጥፍ ያህል ነው የሚከብደው፤ ተራ ብረት ግን ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። ከባዱ ማዕድኑ ነው፦ ባራይት የሚባለው ድንጋይ ከውኃ 4.5 እጥፍ ይከብዳል፤ ስሙም የወጣው ከዚያ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሼለ እ.ኤ.አ. በ1774 አዲስ ንጥረ ነገር እንዳለበት ለየ፤ ሃምፍሪ ዴቪ ደግሞ በ1808 ለንደን ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱን ነጥሎ አወጣው።

ከቤሪሊየም ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው። ቤሪሊየም አቶማዊ ቁጥሩ 4 የሆነ፣ እጅግ ቀላል፣ ሌላ ነገር ነው። ፈተና ላይ ነጥብ ያስጥላል፤ መድኃኒት ወይም ኬሚካል ሲታዘዝ ደግሞ ከነጥብ የባሰ ነገር ያስጥላል።

መርዝ ነው ይባላል፤ ታዲያ ሆስፒታል ውስጥ ለምን ያጠጡናል?

ሁለቱም እውነት ነው። ባሪየም የሚመርዘው ሟሟቶ ወደ ደም ሲገባ ብቻ ነው። ባሪየም ክሎራይድ በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ 350 ግራም ያህል ይሟሟል፤ 1 ግራም ገደማው አዋቂ ሰው ሊገድል ይችላል። ለምርመራ የሚጠጣው ባሪየም ሰልፌት ግን በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ብቻ ነው የሚሟሟው። ከ100 ግራም በላይ ጠጥተው ወደ ቤትዎ የሚመለሱት ለዚህ ነው፤ አንጀትዎ ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያልፋል እንጂ ወደ ደም አይገባም።

ወጥመዱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ባሪየም ካርቦኔት። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ብትበጠብጡት እንደ ሰልፌቱ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፤ አይሟሟምና ደህና ይመስላል። ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን የጨጓራ አሲድ ያሟሟውና ክሎራይድ ያደርገዋል። ሰልፌቱን የጨጓራ አሲድ አይነካውም። ሁለቱ በመልክም በቀለምም አይለዩም፤ ልዩነቱ ሆድ ውስጥ ነው የሚገለጠው። እ.ኤ.አ. በ2003 ብራዚል ውስጥ ካርቦኔት የተቀላቀለበት የምርመራ ባሪየም ታካሚዎችን ገድሏል። ስለዚህ ለምርመራ የሚውለው ለሕክምና ተብሎ የታሸገው ብቻ ነው፤ ከቀለም ወይም ከኬሚካል ነጋዴ የተገዛ «ባሪየም ሰልፌት» ለቀለም ይሁን እንጂ ለሆድ አይሆንም።

የባሪየም ምርመራ ምን ያሳያል?

ጉሮሮ፣ ጨጓራና አንጀት በተራ ኤክስሬይ ላይ በደንብ አይታዩም። 56 ኤሌክትሮን ያለው ባሪየም ጨረሩን ከአጥንት ካልሲየም የበለጠ ስለሚይዘው፣ የሞላው ቱቦ ሁሉ ፊልሙ ላይ ደምቆ ይወጣል። ምግብ አልወርድ ለሚላቸው፣ በረኪና ወይም ኮስቲክ ሶዳ ጠጥተው ከሳምንታት በኋላ ጉሮሯቸው ለጠበበ፣ የጉሮሮው የታችኛው በር አልከፈት ብሎ ምግብ ለሚከማችባቸው ሰዎች ብዙ ይነግራል። በዚህ በመጨረሻው ሕመም ጉሮሮው ከላይ ሰፍቶ ከታች እንደ ወፍ ምንቃር ይሾላል፤ ሐኪሞችም የሚጠሩት በዚሁ ነው።

ሲጠጡ ወፈር ያለ አጥሚት ይመስላል፤ ጣዕሙ ጠመኔ ጠመኔ ይላል። አንዳንዴ ቀድሞ ጋዝ የሚፈጥር ዱቄት ይሰጣል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ግሳት ይመጣል። አያግሱ። ጋዙ የጨጓራውን ግድግዳ ወጥሮ ባሪየሙ ስስ ሆኖ እንዲቀባው ስለሆነ፣ ካገሱት ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ከምርመራው በፊት ምን ላድርግ?

ለጉሮሮና ለጨጓራ ምርመራ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምንም አይብሉ፣ አይጠጡ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቀጠሮ ላለው ሰው እራቱን በልቶ ከዚያ በኋላ አፉን መዝጋት ነው። ቡና፣ ሲጋራና ማስቲካም ይቀራሉ፤ ጨጓራን ያነቃቃሉ፣ ፈሳሽም ያመነጫሉ። ጫት እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው፤ የተዋጠ ቅጠል ባሪየሙ መሃል ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይታይና እባጭ ሊመስል ይችላል። «ትንሽ ነው የቃምኩት» ማለት ፊልሙን አያጠራውም፤ ማታውኑ ይተዉት።

የትልቁ አንጀት ምርመራ ሌላ ዝግጅት አለው፤ ባሪየሙ ከታች ነው የሚገባው። ቀድሞ ባለው ቀን ጥሬ ነገር የሌለበት ቀጭን ፈሳሽ ምግብና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይታዘዛል። አንጀቱ ካልጠራ የቀረች ሰገራ እንደ እባጭ ትታያለች፤ የሚደጋገመውም ስህተት ይኸው ነው። ስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ኢንሱሊኑን ወይም እንክብሉን እንዴት እንደሚያደርጉ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ፤ ሳይበሉ መድኃኒቱን መውሰድ ስኳርን ያወርዳል። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ከጠረጠሩ ይናገሩ፤ የሚያሳስበው ኤክስሬዩ ነው። የምታጠባ እናት ግን ባሪየሙ ወደ ደም ስለማይገባ ማጥባቷን ትቀጥላለች።

ረመዳን ላይ ነኝ፤ ለመጾም ባዶ ሆድ ስለሆንኩ አይመቸኝም?

ይመስላል እንጂ አይመችም። ሱሁር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከበሉ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ያለው 4 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ጨጓራ ገና አልጠራም። ምርመራው ራሱ ደግሞ መዋጥ ስለሆነ ስለ ጾሙ ሸኽዎን ያማክሩ፤ በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ የያዙም የንስሐ አባታቸውን እንዲሁ።

ሌላም አለ። ከምርመራው በኋላ ብዙ ውኃ ካልጠጡ ባሪየሙ ይደርቅና ይደፍናል፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል ይህን ያባብሳል። አጣዳፊ ካልሆነ ከፆም በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል።

ሰገራዬ ነጭ ሆነ፤ ምን ልሁን?

አብሽሩ፤ የሚወጣው ያው የጠጡት ነው። ከ1 እስከ 3 ቀን ነጭ ወይም ፈዛዛ ሆኖ ይቆያል። ውኃ ይጠጡ፣ ሽሮም አትክልትም ይብሉ። 3 ቀን ካለፈ ሰገራ ካልመጣ ወይም ሆድዎ ከተነፋና ከጠናብዎ ወደ ሐኪም ይመለሱ። የሲቲ ስካን ቀጠሮ ካለብዎ ደግሞ ባሪየም መጠጣትዎን ይናገሩ፤ ቅሪቱ ምስሉን ያበላሸዋል። ሁለቱም የታዘዙለት ሰው ሲቲውን ያስቀድም።

ማን መጠጣት የለበትም?

ጨጓራ ወይም አንጀት ተበስቷል የሚል ጥርጣሬ ያለበት ሰው። ድንገት የመጣ ኃይለኛ የሆድ ሕመምና እንደ ጣውላ የደረቀ ሆድ ካለ ባሪየም አይታሰብም፤ በቀዳዳው ወጥቶ ሆድ ዕቃ ውስጥ ከፈሰሰ ከባድ ቁስለትና መጣበቅ ያመጣል፣ ታጥቦም አይወጣም። በምትኩ በውኃ የሚሟሟ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ይሰጣል። አንጀት ተዘግቷል ተብሎ ለተጠረጠረም ሰው እንዲሁ ጥንቃቄ አለ፤ ከጠባቡ በላይ ያለው ባሪየም ውኃው ተመጦለት ድንጋይ ይሆናል። ትን የሚለው ሰውስ? አስቀድሞ ይናገር፤ ትንሽ በትንሽ ነው የሚሞከረው።

ለባለሙያዎች፦ ዱቄቱን «100 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር» ስበጠብጥ ለምን ቀጭን ይሆንብኛል?

100 ግራም ዱቄት 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ላይ ስለጨመሩ ነው። ዱቄቱ ራሱ ቦታ ይይዛል፤ 100 ግራም ለ4.5 ሲካፈል 22 ሚሊ ሊትር ያህል ይመጣል። ጠቅላላው 122 ሚሊ ሊትር ይሆንና 100 በመቶ ያሉት 82 በመቶ ሆኖ ያርፋል። ትክክለኛው ዱቄቱን መለኪያው ውስጥ አድርጎ ውኃውን እስከ 100 ሚሊ ሊትር ምልክት መሙላት ነው፤ የሚገባው ውኃ ወደ 78 ሚሊ ሊትር ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው የአምራቹ መመሪያ ከዚህ ከተለየ ያንን ይከተሉ፤ ዱቄቱ ውስጥ እንዳይዘቅጥ የሚያደርጉ ሌሎች ነገሮችም አሉና።

ቀድሞ ትንሽ ውኃ አድርገው እንደ ሽሮ ያሹት፣ ጓል ሲጠፋ ቀሪውን ይጨምሩ፣ በርትተው ይነቅንቁ። ልክ ታካሚው ከመጠጣቱ በፊት ደግሞ ይነቅንቁት፤ ለ10 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ ከላይ ውኃ፣ ከታች ጭቃ ይሆናል። ያልሟሸሸ ጓል ጨጓራ ላይ ተለጥፎ ቁስል የመሰለባቸው ፊልሞች ጥቂት አይደሉም።

ባሪየም ጨረር አለው?

የለውም። በምርመራው ላይ ጨረሩ የሚመጣው ከኤክስሬይ ማሽኑ ነው፤ ባሪየሙ ይጋርደዋል እንጂ አያመነጨውም። ጠጥቶ የመጣ ሰው ልጁን ቢያቅፍ፣ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ገበታ ቢበላ ምንም የለውም።

ከኑክሌር ጋር ስሙ የሚነሳው በሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በርሊን ውስጥ ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲመቱ ራዲየም ያገኙ መስሏቸው ነበር። ራዲየሙን ለመለየት ባሪየም ይጨምራሉ፤ ሁለቱ በኬሚካል ስለሚመሳሰሉ አብረው ይዘቅጣሉ፣ ከዚያ ይነጣጠላሉ። ይሄኛው «ራዲየም» ግን በምንም መንገድ ከባሪየሙ አልነጠል አለ። ለካስ ራሱ ባሪየም ኖሯል፤ የዩራኒየም አቶም ለሁለት ተሰንጥቆ። ሊዘ ማይትነርና ኦቶ ፍሪሽ ትርጉሙን አስረዱ፤ የአቶም መሰንጠቅ የታወቀው በዚህ ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሰልፌት ለመለየት እንዴት እጠቀምበታለሁ?

0.1 ሞላር ለማዘጋጀት 2.44 ግራም ባሪየም ክሎራይድ (ከነክሪስታል ውኃው) በተጣራ ውኃ አሟሙቶ እስከ 100 ሚሊ ሊትር መሙላት። በቧንቧ ውኃ ካደረጉት ገና ሳይጀመር ይደፈርሳል፤ ውኃው ውስጥ ያለው ሰልፌትና ካርቦኔት ይይዘዋል። ከሚፈተነው ፈሳሽ 2 ሚሊ ሊትር የሙከራ ቱቦ ውስጥ ያድርጉ፣ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨምሩ፣ አረፋው እስኪቆም ይጠብቁ፣ ከዚያ ባሪየም ክሎራይዱን ጠብ ያድርጉ። ነጭ ዝቃጭ ወጥቶ አሲድ ቢጨመርም ካልጠፋ ሰልፌት አለ።

ተማሪ የሚሳሳትባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። አሲዱን የዘለለ ካርቦኔትንም ሰልፋይትንም ሰልፌት ብሎ ይጽፋል። በሃይድሮክሎሪክ ፈንታ ሰልፈሪክ አሲድ የጨመረ ሰልፌቱን ራሱ አስገብቶ ራሱ «አገኘ»። ናይትሪክ አሲድ ሰልፋይትን ወደ ሰልፌት ስለሚቀይር ያታልላል። ያልተቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ ባሪየም ክሎራይዱን ራሱን ያዘቅጠዋል፤ ይህን ያወቀ መምህር ፈተና ላይ ማውጣት ይወዳል።

የተረፈውን ቧንቧ ላይ አይድፉ። ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር 3 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት በውኃ አሟሙተው ይጨምሩበት፤ መርዙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ከላይ ከጠራው ላይ ትንሽ ቀድተው ሰልፌት ሲጨምሩበት ካልደፈረሰ አልቋል። ዝቃጩን አጣርተው በጠጣር ቆሻሻ ያስወግዱ።

ርችት ላይ አረንጓዴው እሱ ነው?

አዎ፤ ባሪየም ናይትሬት ክሎሪን ከሚሰጥ ነገር ጋር። ክሎሪኑ ከሌለ ቀለሙ ይነጣል። ቤተ ሙከራ ውስጥ በኒክሮም ሽቦ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አስነክተው እሳት ላይ ሲይዙት ቀጭን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ይሰጣል። ሽቦው ካልጸዳ የሶዲየም ቢጫ ይውጠዋል። መዳብም አረንጓዴ ነው፤ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ደላንታ ከባድ ነጭ ድንጋይ አገኘሁ፤ ባራይት ይሆን? ያዋጣል?

ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና ላይ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ከወጣ ወዲህ የማንኛውም ነጭ ድንጋይ ባለቤት ተስፋ ማድረጉ አይፈረድበትም። መጀመሪያ ክብደቱን ይለኩት፤ ገንዘብ አያስወጣም። ድንጋዩን በክር አስረው የሽቦ ሚዛን ላይ ይስቀሉና ክብደቱን ይጻፉ። ከዚያ እንደተሰቀለ የባልዲ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይንከሩት፤ ታችም ጎንም አይንካ። አሁንም ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቁጥር በሁለቱ ልዩነት ያካፍሉ። በአየር 450 ግራም፣ በውኃ 350 ግራም ከሆነ ልዩነቱ 100 ነው፤ 450 ለ100 ሲካፈል 4.5፤ ባራይት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ 2.7 አካባቢ ከመጣ ነጭ ኳርትዝ ወይም ካልሳይት ነው፣ 2.3 ከሆነ ጂፕሰም፣ 2 አካባቢ ከሆነ ወይም ከዚያ ካነሰ ወደ ኦፓሉ የቀረበ ነው። ስንጥቅና ቀዳዳ ያለው ድንጋይ አየር ይይዝና ያታልላል፤ ከውኃው ውስጥ አረፋው እስኪያቆም ይተዉት።

ሁለተኛው ፈተና፦ በቢላ ይጫራል ወይ? ባራይት ይጫራል፣ ኳርትዝ አይጫርም። ሦስተኛው ሎሚ ወይም ኮምጣጤ፤ በደቀቀው ዱቄት ላይ ጠብ ሲደረግ ካፈላ ካልሳይት ነው፣ ባራይት ዝም ይላል። ሴለስታይት የሚባል 4 ያህል የሚመዝን ተመሳሳይ ድንጋይ አለ፤ እሱ እሳት ላይ ቀይ ይሰጣል።

ስለ ማዋጣቱ፦ ባራይት በቶን እንጂ እንደ ኦፓል በግራም አይሸጥም። አንድ ጆንያ ይዘው ቢወጡ የመኪናውን አይመልስም። የሚያዋጣው ብዙ ቶን፣ ንጹሕና ለመንገድ ቅርብ ሲሆን ነው፤ ሌላው ለቤት ጌጥ ይሁን።

ለውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ያስፈልጋል?

ከዓለም ባራይት አብዛኛው የሚሄደው ለዘይትና ለጋዝ ቁፋሮ ጭቃ ነው፤ ጭቃውን አክብዶ ከታች የሚገፋውን ግፊት ይይዛል። በቆቦና ጊራና ሜዳ ዓይነት አሸዋና ጠጠር ላይ ለሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ ቤንቶናይት የሚባለው ሸክላ አፈር ወይም ፖሊመር ይበቃል፤ የደሴ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ በአየር መዶሻ ነው የሚበሳው። ውኃው በራሱ ግፊት ወደ ላይ የሚገነፍል ከሆነ ብቻ ባራይት ይታሰባል። የመጠጥ ውኃ ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ባሪየም በሊትር 1.3 ሚሊ ግራም ነው፤ ውኃ ማፍላት አይቀንሰውም።

ስልኬ ውስጥም አለ?

አለ። የስልክ ቦርድ ላይ እንደ ጤፍ የተበተኑት ጥቃቅን ካፓሲተሮች ውስጣቸው ባሪየም ታይታኔት ነው። የስፒከር ጥቁር ማግኔትም ብዙውን ጊዜ የባሪየም ወይም የስትሮንቲየም ፌራይት ነው። ቀደም ያለው ደግሞ በአሮጌ ሬዲዮ የመስታወት ቱቦ ጫፍ ላይ የሚታየው መስተዋት የመሰለ ጥቁር ብርማ ሽፋን ነው፤ ያ ንጹሕ ባሪየም ነው፣ የቀረውን አየር እየበላ ባዶነቱን ይጠብቃል። ደሴ ፒያሳ ላይ አሮጌ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ቱቦው ሽፋኑ ነጭ መሆኑን ካየ መለካት አያስፈልገውም፤ አየር ገብቷል፣ ቱቦው ሞቷል።

ሸክላ ጡቤ ነጭ ጨው እያወጣ ነው፤ ባሪየም ያቆመዋል?

ከመተኮሱ በፊት ከሆነ አዎ። ሸክላው ውስጥ ያለው ጂፕሰም በውኃ ሟሟቶ ወደ ፊት ይወጣና ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ባሪየም ካርቦኔት ከሱ ጋር ተዋህዶ ሁለት የማይሟሙ ነገሮች ይፈጥራል፤ ባሪየም ሰልፌትና ካልሲየም ካርቦኔት። በስሌት 1 ኪሎ ጂፕሰም 1.15 ኪሎ ባሪየም ካርቦኔት ይፈልጋል፤ 1 ቶን ሸክላ 1 ኪሎ ጂፕሰም ካለበት ያን ያህል ማለት ነው፣ በተግባር ጨመር ይደረጋል። ካርቦኔቱ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ በጣም የደቀቀ መሆን አለበት፤ በውኃ ተበጥብጦ ሸክላው ሲቦካ ይገባና ጊዜ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ለፍጥነት ክሎራይዱን ይመርጣል፤ መጠኑ ካለፈ ግን የተረፈው ክሎራይድ ራሱ ነጭ ጨው ሆኖ ይወጣል።

ለተተኮሰ ጡብ፣ ለብሎኬትና ለሲሚንቶ ልስን አይሠራም። በዚያ ላይ የሚወጣው ጨው ብዙውን ጊዜ እርጥበት ከመሠረት ወደ ላይ ሲስበው ነው፤ የውኃውን መንገድ መዝጋት ነው ያለው። ከረጢቱን የሚከፍተው ሠራተኛ አፍንጫውን ይሸፍን፣ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ።

ክሊኒክ ልከፍት ነው፤ የኤክስሬይ ክፍሉን በእርሳስ ፈንታ በባራይት ልስን ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ብዙ አገር የተለመደ ነው። ተራ ኮንክሪት ከውኃ 2.4 እጥፍ ሲከብድ የባራይት ኮንክሪት 3.5 አካባቢ ይደርሳል። ውፍረቱ ግን በግምት አይወሰንም፤ የማሽኑ ኪሎ ቮልት፣ በሳምንት የሚነሳው ፊልም ብዛትና ከግድግዳው ጀርባ ማን እንደሚቀመጥ ታይቶ በጨረር ባለሙያ ይሰላል፣ ፈቃድም ያስፈልገዋል።

ጉዳቱ የሚደርሰው ከአሠራሩ ነው። ልስኑ ከባድ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ወፍራም ከተለጠፈ ይንሸራተትና ከላይ ሳስቶ ከታች ይወፍራል፤ በስስ በስሱ፣ አንዱ ሲይዝ ሌላው እየተደረበ ነው የሚሠራው። ማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን የተቀበረበት፣ የቧንቧ ቀዳዳና የበሩ ፍሬም ዙሪያ ይረሳል፤ ጨረሩም የሚያልፈው በዚያው ነው።

ልጄ ምንነቱ ያልታወቀ ነጭ ዱቄት ዋጠ፤ የአይጥ መርዝ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ

ባሪየም ካርቦኔት በቀድሞ ጊዜ ለአይጥ ይውል ነበር፤ ሽታም ጣዕምም ስለሌለው ከዱቄት ጋር ይምታታል። ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ማስታወክ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ይጀምራል፤ ከዚያ የአፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የእጅና የእግር መዛል፣ የልብ ምት መዛባት ይከተላል። ባሪየሙ የደምን ፖታሲየም ወደ ሴሎች ውስጥ አስገብቶ ያስቀረዋል፤ ደም ውስጥ ፖታሲየም ሲጎድል ጡንቻ አልታዘዝ ይላል፣ ልብም ይስታል።

አያስታውኩት፣ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። ዱቄቱን ከነማሸጊያው ይዘው ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ልብና ፖታሲየም የሚለካበት ቢሆን ይመረጣል። ለሐኪሙ «ባሪየም ሊሆን ይችላል» ይበሉ፤ ይህ ቃል ሕክምናውን ይቀይረዋል። እዚያ ሶዲየም ሰልፌት ወይም ማግኒዥየም ሰልፌት በአፍ ይሰጣል፤ ሆድ ውስጥ ያለውን ወደማይሟሟው ሰልፌት ይለውጠዋል። በደም ሥር ግን ሰልፌት አይሰጥም፤ ኩላሊት ውስጥ ይዘቅጣልና። በደም ሥር የሚሰጠው ፖታሲየም ነው።

የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል በባሪየም ይጠገናል ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ለየትኛው ሥዕል? እ.ኤ.አ. ከ1966ቱ የፍሎረንስ ጎርፍ በኋላ ጣሊያኖች እርጥብ ኖራ ላይ ለተሣሉ ሥዕሎች ያዳበሩት ዘዴ አለ። መጀመሪያ አሞኒየም ካርቦኔት ይለጠፋል፤ ሥዕሉን የሚሰነጣጥቀውን ጂፕሰም ይለውጠዋል። ቀጥሎ ባሪየም ሃይድሮክሳይድ ይገባል፤ የተፈጠረውን ሰልፌት ወደ ባሪየም ሰልፌት ቀይሮ ዳግም እንዳይሟሟ ያደርጋል፣ የላላውንም ኖራ ያጠነክራል።

ባሪየም ሃይድሮክሳይድ ግን ጠንካራ አልካሊ ነው፤ ሙጫን፣ እንቁላልንና ማንኛውንም ከእንስሳ ወይም ከተክል የተገኘ ማጣበቂያ ያበላሻል፤ አንዳንድ የመዳብ ቀለሞችንም ይለውጣል። በደረቅ ልስን ላይ ወይም ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ በሙጫ የተሣለ ሥዕል፣ በአገራችን ብዙው እንዲህ ነው፣ በዚህ ከተነካ ቀለሙ ከግድግዳው ይለቃል። ላሊበላም ይሁን የገጠር ደብር፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቀለሙን ከልስኑ ጋር ያያያዘው ምን እንደሆነ ነው፤ እሱ በቤተ ሙከራ ሳይታወቅ ሥዕሉ ላይ ምንም ነገር አይለጠፍም።